ቲቸር ሜምቻን ከጣሪያ ያወረዱበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ዮቪል በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ጣሪያ ላይ ነው። የነገሩኝ ሴት ከሕንድ ምሥራቃዊ ጥግ፣ ከበርማ ድንበር አጠገብ ካለ ማኒፑር ከሚባል ግዛት የመጡ፣ አማርኛን ሆሳዕና የለመዱ አስተማሪ ነበሩ። ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል፤ ራሱ ተረት ይመስለዋል። እኔ ግን ፈገግ ማለት አልችልም። ያን ክረምት ባስታወስኩ ቁጥር ከተረቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴቱ ነው።

ስማቸው ሜምቻ ነበር። ሕንጻው ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁሉ «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ለመምህርነት ተቀጥረው ኢትዮጵያ ሄዱና ሆሳዕና ለብዙ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ፤ የእናቴን ታላቅ ወንድም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በኋላም እንደ ብዙዎቹ የሕንድ አስተማሪዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። ባላቸው እዚህ ሞቱ፤ ጡረታው አልበቃ ሲላቸው፣ በድሮ ጊዜ ለቤት ሠራተኞች ተብለው ከተሠሩት የጣሪያ ክፍሎች አንዷን ተከራዩ። ከሰዓት በኋላ የሕንጻውን ልጆች ሰብስበው ሒሳብ ያስጠናሉ። ወላጆቻችን አንዳንዱ ብር፣ አንዳንዱ እንቁላል ወይም ስኳር ይልክላቸዋል። ምንም የማይልክም ነበር፤ ልጁን ግን መልሰውት አያውቁም።

እኔና እናቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በኮምፔርሳቶ በተከፈለች ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ክሊፕታውን በሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው፤ እዚያው ዕቃው መሃል ያድርና በሳምንት አንዴ ይመጣል። እናቴ ታደለች ዋናው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ነበር፤ ከጎኗ ማማ ኖምሳ የምትባል ዙሉ ሴት የተጠበሰ በቆሎ ትሸጣለች። እናቴ ዙሉኛ የተማረችው ከማማ ኖምሳ ነው፤ በተለይ ስድቡን።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና አገሩ ሁሉ ተዘጋ። ትምህርት ቤት የለም፣ ታክሲ የለም፣ የመንገድ ዳር ገበያ የለም፤ ወታደር ጠመንጃ ይዞ በደጃችን ይመላለሳል። ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ጣሪያ መላክ አቆሙ። እናቴ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ ስቁነጠነጥ አይታ፣ «ሂጂ ቲቸር ጋ ውጪ፤ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ» ትለኛለች።

ቲቸር የቀለም ቆርቆሮ ዙሪያውን በምስማር በሳስተው ማንደጃ ሠርተው ነበር። ወደ ማታ በራቸው ላይ፣ ከነፋሱ ከለል ብለው፣ ከሰል ያቀጣጥሉበታል። መብራት በሄደ ጊዜ፣ ያኔ ደግሞ የማይሄድበት ቀን ጥቂት ነበር፣ ፋኖስ ያወጣሉ። ከተማው ከበታችን ሲጨልም፣ ጭሱ መጀመሪያ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ቆይቶ ፍሙ ሲቀላ ይተወኛል፤ እሳቸውም ጥቁር ሻላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እንደ መጽሐፍ በተስተካከለ አማርኛ፣ ብቻ «ጠ»ን «ተ» እያሉ፣ ስለ አገራቸው ይነግሩኛል።

አገራቸው ሸለቆ ነው፤ ተራሮች እንደ ገበቴ ጠርዝ ዙሪያውን ይዘውታል። መሃሉ ላይ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ላይ ሣርና ሥር ተቆላልፈው የሠሯቸው ደሴቶች ይንሳፈፋሉ። ዓሣ አጥማጆች እዚያ ላይ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ፤ ነፋስ ደሴቱን ሲገፋው ቤታቸው አብሮ ይሄዳል። እዚያው ተንሳፋፊ ሣር ላይ የሚኖር አጋዘን አለ፤ መሬቱ ከእግሩ ሥር ስለሚሰምጥበት ሲራመድ የሚጨፍር ይመስላል። ሩዛቸው ጥቁር ነው፤ ሲበስል ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። ሸለቆው ውስጥ የሚበዙት ሜይቴዎች፣ የቲቸር ወገኖች ናቸው፤ ከበሮ አንግተው እየዘለሉ ያመልካሉ። ሙስሊም ጎረቤቶችም አሏቸው። ተራራው ላይ ደግሞ ናጋና ኩኪ የሚባሉ፣ ቋንቋቸው ከመንደር መንደር የሚለያይ፣ ባለ ጥለት ጋቢ የሚደርቡ ሕዝቦች ይኖራሉ። «እነሱ እንደ እናንተ ጴንጤዎች ናቸው። እሁድ እሁድ መዝሙራቸው ታች ድረስ ይሰማናል» ሲሉኝ በጣም ገረመኝ። ሆሳዕናን አይቼ አላውቅም፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ስለዚህ ያኔ እናቴ «አገራችን» ባለች ቁጥር በሐሳቤ የሚመጣው ያ ሐይቅና ያ አጋዘን ነበር።

እናቴም አንዳንዴ የምትልጠውን ድንች ይዛ ጣሪያ ላይ ትመጣለች። እሷ የምትወደው የገበያውን ወሬ ነው። ዋና ከተማቸው ውስጥ እናቶች ብቻ የሚነግዱበት ትልቅ ገበያ አለ፤ ወንድ ይገዛል እንጂ አይሸጥም። ቦታው ከእናት ወደ ልጅ ወይም ወደ ምራት ይተላለፋል። ዓሣውን፣ አበባውን፣ ጨርቁን ዘርግተው በረድፍ ይቀመጣሉ።

«በእኛ ቋንቋ እናት ‹ኢማ› ትባላለች» አሉ ቲቸር። «ገበያው የኢማ ገበያ ነው።»

«እማ?» አለች እናቴ ቢላዋውን አቁማ። «ከእኛ ወስዳችሁ ነው እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እናቴ፣ «እዚያስ ፖሊስ ሽንኩርት አይረግጥም?» ብላ ጠየቀች።

«ይሞክራል» አሉ ቲቸር።

እኔ የምወደው የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት ነበር። ጥንት ሸለቆው በሙሉ ውኃ ሳለ ሰው ሁሉ ተራራ ላይ ይኖር ነበር። ውኃው ሲጎድል ታናሽየው «ይህ መሬት ሩዝ ያበቅላል» ብሎ ወረደ፤ ታላቅየው «እኔ ደመናዬን አልተውም» ብሎ ቀረ። ሲለያዩ በየዓመቱ መኸር ሲገባ ታናሽየው ረጅም ቀርከሃ ተክሎ ጫፉ ላይ መብራት ሊሰቅል ቃል ገባ፤ መብራቱ ከታየ ‹ደህና ነኝ› ማለት ነው። «እስከ ዛሬ በዚያ ወር በየደጃችን መብራት እንሰቅላለን» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ካልበራስ አልኳቸው። «ካልበራማ ታላቅየው እንቅልፉን ትቶ ይወርዳል» አሉኝ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሻል በሚል ዓይነት።

የእኛ ሕንጻ ሰዎች ግን ወንድማማችነታቸው ሌላ ዓይነት ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሳል ያዘው። በሽታው ምን እንደሆነ ያወቀ የለም። ወሬው ግን ተሰራጨ፤ በሽታውን ያመጣችው ጣሪያ ላይ ያለችው ናት ተባለ። የቲቸር ዓይን ጠበብ ያለ፣ ፊታቸው ሰፋ ያለ ነው፤ የማኒፑር ሰው መልኩ እንደዚያ ነው። ለዓመታት ማንም ልብ ያላለው መልክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወንጀል ሆነ። አብረውኝ ማባዛት የተማሩ ልጆች ደረጃው ላይ ሲያዩዋቸው «ኮሮና! ቻይና!» እያሉ ይሮጣሉ፤ እናቶቻቸው ሰምተው በር ይዘጋሉ እንጂ አይቆጧቸውም። እነዚሁ እናቶች መንገድ ላይ «ክዌሬክዌሬ» ሲባሉ፣ መጤ ማለት ነውና፣ ቤት ገብተው የሚያለቅሱ ነበሩ። ያኔ ልጅ ሆኜም ይህ አልገጥም ብሎኝ ነበር። ዛሬም አልገጠመልኝም።

ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ ቲቸር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊያመጡ ጠዋት ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ሲመለሱ ወደ ጣሪያ የሚያስወጣው የብረት በር አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ዕቃቸው ደረጃው ላይ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ተጠቅጥቆ ተቀምጧል፤ ድስታቸው፣ መጽሐፎቻቸው፣ የባላቸው ፎቶ። እኔ ሳገኛቸው ከከረጢቶቹ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መድኃኒታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አላለቀሱም። «እናትሽን ጥሪልኝ» ብቻ አሉኝ።

የቆለፈው ጋሼ ታሪኩ ነበር፤ ለሕንጻው ባለቤት ኪራይ የሚሰበስበው፣ ምድር ቤት የሚኖረው፣ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ፣ በቤታችን ስንቴ የበላ ሰው። እናቴ ወርዳ በሩን ደበደበችው።

«ታሪኩ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ታደለች፣ አትቆጪ። ለሁላችን ስል ነው። ልጆች አሉን።»

«ልጆቻችንን ያስተማሩ ሰው ናቸው እኮ። ደግሞ ሕንድ ናቸው፣ ቻይና ሄደው አያውቁም።»

«መልካቸውን አታዪም?»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተስ መልክህን አይተኸዋል? እዚህ አገር በመልክ ከሆነ ማን ይተርፋል?» አለችው። በሩን ዘጋባት።

ቲቸርን ክፍላችን አስገባናቸው። የሕንጻው ሰው ይህን ሲያይ ከእኛ ጋር ከአንድ ቧንቧ መቅዳት ተወ። በዚያ ቀን አመሻሽ መብራት ጠፋ፤ ፋኖሱ ከከረጢቱ ወጥቶ ጠረጴዛችን ላይ በራ። እኔ ግን ተረት አልፈለግሁም። ተናድጄ ነበር፤ የሚገርመው የተናደድኩት በሳቸውም ላይ ነው።

«ስለ አጋዘን ከሚነግሩኝ ለምን አልሰደቧቸውም?» አልኳቸው። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

ቲቸር የፋኖሱን ክር ዝቅ አደረጉ። ቀጥሎ የነገሩኝን ነገር፣ እንደዚያ ባለ ድምፅ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

«እናቴ በዚያ ገበያ ውስጥ ሩዝ ትሸጥ ነበር» አሉ። «ያኔ የሚገዙን እንግሊዞች ነበሩ። ሰብል ተበላሽቶ ሰው ሲራብ፣ ነጋዴዎች ሩዙን እየጫኑ ወደ ውጭ ይልኩት ነበር። እናቶቹ ሹሙ ዘንድ ሄደው ‹ሩዙ ይቁም› አሉት። ‹ንጉሡ ካላዘዘ አልችልም፤ ንጉሡ ደግሞ ከአገር ውጪ ነው› አላቸው። ‹እንግዲያው ቴሌግራም ላክለት› ብለው ቴሌግራፍ ቤት ይዘውት ገቡ፤ መልሱ እስኪመጣ አትወጣም አሉት። ወታደር መጣ። በሰደፍና በሳንጃ መታቸው። እናቴ እስክትሞት ትከሻዋ ላይ ጠባሳው ነበረ።»

«ሸሹ?» አልኩ።

«አልሸሹም። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ አንዲት ሴት ገበያ አልወጣችም። ከተማው የሚበላውን አጣ።»

«ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ይህ የሚያስተኛ ተረት አይደለም» አሉኝ።

እናቴ የምትልጠውን ትታ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አየኋት።

በማግስቱ እናቴና ማማ ኖምሳ፣ ሌሎች የመንገድ ዳር ነጋዴ ሴቶችም ተጨምረው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እርስ በርሳቸው ተራርቀው፣ ባዶ የቢራ ሳጥን ገልብጠው ጋሼ ታሪኩ በር ላይ ተቀመጡ። አንዷ ከኮንጎ፣ አንዷ ከዚምባብዌ ነበረች። አልጮኹም። እናቴ «ቁልፉን» ትላለች፤ ማማ ኖምሳ በዙሉኛ ትደግመዋለች። እሱ ከውስጥ ለፖሊስ ስልክ ደወለ። ከሐበሾቹ አንድም ሰው አልወረደም፤ በየፎቁ ከመጋረጃ ጀርባ ያዩ ነበር። አውቃለሁ፣ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ነበር።

ፖሊስ መጣ። መሰብሰብ ክልክል ነው አለ። ማማ ኖምሳ ሳትነሣ፣ «ትናንት ተደብቄ የምሸጠውን በቆሎ ስትደፉ እኮ ብቻዬን ነበርኩ» አለችው። ክንዷን ይዞ አነሣት፤ ባልደረቦቹ እሷንም እናቴንም ገፍተው መኪናው ላይ ጫኗቸው። የእናቴ አንድ እግር ነጠላ ጫማ አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ቲቸር ቀስ ብለው ደረጃውን ወረዱ። ጫማውን አነሡ። በእጃቸው እንደያዙት ጋሼ ታሪኩ በር ፊት ቆሙ።

«ታሪኩ፣ ልጅህ ማካፈል አልገባ ብሎት ወር ሙሉ ያለቀሰው እኔ ቤት ነው» አሉት። «ቁልፌን ስጠኝ።»

እሱ በሩን ከፍቶ፣ አፍንጫውን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሌላው እጁ ስልክ ጆሮው ላይ ነበር፤ የሕንጻው ባለቤት ሲጮኽበት ይሰማል። ባለቤቱ አዝኖላቸው አልነበረም፤ ፖሊስ ደጁ ላይ መቆሙን አልወደደም፣ ክፈትላት አለ። ጋሼ ታሪኩ ቁልፉን አወጣ። እጃቸውን እንዳይነካ መሬት ላይ ጣለውና በእግሩ ወደ እሳቸው ገፋው።

ላነሣላቸው ስሮጥ በእጃቸው አገዱኝ። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሡት። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያ ማጎንበስ ያቃጠለኝ የለም።

እናቴና ማማ ኖምሳ ከሰዓት በኋላ በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ። ቲቸር ክፍላቸው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ በቀር አንድም ልጅ ጣሪያ አልወጣም። የሳለው ሰውዬ ተሻለው፤ ይቅርታ ያለ የለም። ጸደይ ሲገባ የእህታቸው ልጅ ከደርባን መጥታ ወሰደቻቸው። ከረጢቶቹን እኔና እናቴ አወረድን። በየፎቁ በር ዝግ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት፣ በአገሩ ረብሻ ተነሥቶ ያ ሁሉ ሱቅ ሲዘረፍ፣ የአባቴም ሱቅ ባዶውን ቀረ። አባቴ በለበሰው ልብስ ብቻ መጣ። ማማ ኖምሳ የበቆሎ ዱቄት ተሸክማ መጥታ አስቀምጣ ሄደች። የሕንጻው ሐበሾች ሊያጽናኑን ክፍላችንን ሞሉት፤ ጋሼ ታሪኩም ነበረ፣ እሱም በሌላ የተዘረፈ ሱቅ ውስጥ ድርሻ ነበረው። እያለቀሰ፣ «ምን አደረግናቸው? ሰው በመልኩ ይባረራል?» አለ።

እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ይባረራል» አለችው። «ከጣሪያ ላይ ስታባርር አይቼሃለሁ።» ወጥታ ሄደች። አባቴ «ደንግጣ ነው፣ ይቅር በሏት» ብሎ ለመነላት። አልደነገጠችም። በአባቴ ላይም ያኔ ተናደድኩ።

ዓመታት አለፉ። ወረርሽኙ ካበቃ በኋላ አንድ ቀን ማኒፑር እየተቃጠለች መሆኑን ስልኬ ላይ አየሁ፤ የሸለቆውና የተራራው ሰዎች ተጋድለው፣ ቤት እየነደደ። ደርባን ደወልኩ። ቲቸር ድምፃቸው አርጅቷል።

«አሁን የተራራው ሰው ወደ ሸለቆ አይወርድም፣ የሸለቆውም ወደ ተራራ አይወጣም» አሉኝ። «ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። ታናሽ እህቴ ዛሬም ገበያው ውስጥ የእናታችን ቦታ ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እነዚያ የተራራ ሰዎች መጤ ናቸው፣ ይውጡልን።› እህቴ ናት። በዚያ ቦታ ላይ ተቀምጣ።»

«ታዲያ ለምን አይተዉዋትም?» አልኳቸው። እኔ ብሆን የምተዋት መስሎኝ ነበር።

«እኔ ከተውኳት ማን ይነግራታል? በየቀኑ እደውላለሁ። በየቀኑ እንጣላለን፤ ትዘጋብኛለች። በነጋታው እደውላለሁ።»

ሰው ከልጅነት ተረቱ የሚቀርለት ጣፋጩ ነው ይላሉ። እኔ ሐይቁን አልረሳሁም፤ ፍሙን፣ የፋኖሱን ሽታ፣ የቲቸርን «ተ» አልረሳሁም። ጎልቶ የቀረኝ ግን ንዴታቸው ነው፤ ንዴት በር ዘግቶ መሄድ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። እኔ ለዓመታት ጋሼ ታሪኩን ሳየው መንገድ እሻገር ነበር። ንጹሕ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለእሱ ግን ዕረፍት ነበር የሰጠሁት።

አሁን አልሻገርም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ከዚያ «ቲቸር ሜምቻን ይቅርታ ጠየቅካቸው?» እለዋለሁ፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም። መጀመሪያ «ያኔ በሽታ ነበር» አለኝ። ሌላ ጊዜ «አንቺ ልጅ እስካሁን አልተውሽውም?» አለኝ። በቀደም ግን ቆም ብሎ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «በሕይወት አሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት። ስልካቸውን ሰጠሁት።

እስካሁን አልደወለም። እሁድ እንደገና እጠይቀዋለሁ።